ክር ሁለት የሚሆንባቸው ሸማኔ፦ ከሽሮ ሜዳ የአንድ ታካሚ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር በሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚኖሩ፣ በአርባዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የሚገኙ አንድ ሸማኔ ያጋጠማቸውን የዕይታ ችግር፣ የችግሩ ምንጭ የተገኘበትን መንገድና የሕክምናውን ውጤት ይዘግባል። ታካሚው ታሪካቸው ለባለሙያዎች ትምህርት እንዲውል ፈቅደዋል፤ ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ዝርዝሮች ተትተዋል። በሽታው በማንኛውም የነርቭ ሕክምና መማሪያ ውስጥ የሚገኝ ነው። ታካሚው ይዘውት የመጡት ቅሬታ ግን መማሪያዎቹ በአንድ አንቀጽ ጠቅሰውት የሚያልፉት ዓይነት ስለነበረና ሙያቸው ቅሬታውን አጉልቶ ስላወጣው፣ በዝርዝር ሊጻፍ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ቅሬታው

ታካሚው ወደ ዓይን ክሊኒካችን የመጡት ከትልቁ ልጃቸው ጋር ነበር። ሽመናን ከአባታቸው ተምረው ከልጅነታቸው ጀምሮ የኖሩበት ሲሆን፣ በገበያው በተለይ የሚታወቁት በነጠላና በቀሚስ ጥለት ነው። ጥለት የሚወጣው የድሩን ክሮች በቁጥር እየለዩ፣ በተለዩት መካከል ባለቀለሙን ማግ በማሳለፍ ስለሆነ፣ በአንድ መስመር ላይ የተሳተ ክር ንድፉን በሙሉ ያዛንፈዋል። ለጥምቀት ገበያ ያስረከቧቸውን ነጠላዎች ለዓመታት ስትገዛቸው የኖረች ነጋዴ "ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ እጅ አይመስልም" ብላ መልሳባቸዋለች። ወደ ክሊኒኩ ያመጣቸውም ይኸው ነበር።

የሚሰማቸውን እንዲገልጹ ስንጠይቃቸው፣ "ዶክተር፣ ክሩ መሐል ላይ ሁለት ይሆንብኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ አሁን የቆጠርኩት ክር የለም" አሉ። (የዓይን ምርመራ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አለመሆኔን ብነግራቸውም ጥሪው አልተለወጠም።) መልሳቸውን እያጣራን ስንሄድ ሦስት ነገሮች ግልጽ ሆኑ። አንደኛ፣ ክሩ የሚደረበው ወይም የሚጠፋው ሁልጊዜ ዓይናቸውን ያሳረፉበት መሐል ላይ እንጂ ጠርዝ ላይ አልነበረም። ሁለተኛ፣ አንዱን ዓይን በመዳፋቸው ሲሸፍኑ መደረቡ ወዲያውኑ ይቆማል። ሦስተኛ፣ የተበጠሰ ድር ሲቀጥሉ ዓይናቸውን ጣታቸው ላይ ሲተክሉ፣ ከጣታቸው ማዶ ያለው ድር "ተቆርጦ የተወሰደ ያህል" ይጠፋባቸዋል። መወርወሪያውን በተመለከተ ምንም ችግር አላነሱም፤ ሳያዩት ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ነውና። ልጃቸው በበኩሉ አባቱ በገበያው መንገድ ላይ ሰው በትከሻቸው እየገጩ እንደሚያልፉ፣ ከጎን የሚመጣ ሚኒባስ ደርሶ ጡሩምባ ካላሰማ እንደማያስተውሉ ተናገረ። እርሳቸው ይህን የሰፈሩ መጨናነቅ ነው ብለው ያልፉት ነበር።

ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ ታይተዋል። አንድ መነጽር ቤት ለዕድሜያቸው ተገቢ የሆነ የንባብ መነጽር ሰጥቷቸዋል፤ መነጽሩም ክሩን አጥርቶ ያሳያቸው ነበር፤ መደረቡን ግን አላስቀረውም። አንድ ክሊኒክ ደግሞ የጎን ዕይታቸው መቀነሱን ተመልክቶ ግላኮማን (ብዙውን ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር የሚያያዝ የዕይታ ነርቭ ጉዳት) በመጠርጠር ጠብታ አዞላቸዋል። ግላኮማ በአገራችን ዓይነ ስውርነትን ከሚያስከትሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በመሆኑ ጥርጣሬው መሠረት የለሽ አልነበረም፤ ይሁንና የዓይናቸው ግፊት በመደበኛው ልክ፣ ማለትም ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው ክልል ውስጥ ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን እንጦጦ ወጥተው ጠበል ይጠመቁ ነበር፤ ይህን እንዲያቋርጡ የጠየቃቸው የለም።

ጥርጣሬው ከሦስቱ ነርቮች ሲነሳ

በሁለት ዓይን ሲታይ ብቻ የሚከሰት፣ አንድ ዓይን ሲሸፈን የሚጠፋ ድርብ ዕይታ ሲያጋጥም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከ12ቱ ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች መካከል ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ሦስቱ ናቸው። ሦስተኛው ነርቭ ሲጎዳ የዓይን ሽፋን ይወድቃል፣ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ያዘነብላል፣ ብሌኑም ሊሰፋ ይችላል። አራተኛው ሲጎዳ ሰውየው ደረጃ ሲወርድ ወይም ወደ ታች ሲያነብ ነገሮች አንዱ ከአንዱ በላይ ይሆኑበታል፤ ራሱንም ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ይጀምራል። ስድስተኛው ሲጎዳ ዓይኑ ወደ ውጭ መዞር ያቅተዋል፤ ራቅ ያለ ነገር ጎን ለጎን ሁለት ይሆናል።

ታካሚው በስምንቱም የዕይታ አቅጣጫዎች ዓይናቸውን ያለ እንከን አንቀሳቀሱ። ሽፋናቸው አልወደቀም። ብሌኖቻቸው እኩል ነበሩ፤ ለብርሃንም እኩል ምላሽ ሰጡ። ከሦስቱ ነርቮች ጋር በአንድ ሰፈር የሚያልፈው የአምስተኛው ነርቭ ቅርንጫፍም ጤነኛ መሆኑን በጥጥ ጫፍ ኮርኒያቸውን (የዓይንን የፊት ግልጽ ሽፋን) ነክተን አረጋገጥን። ዓይኖቻቸውን ተራ በተራ እየሸፈንን ስናይ፣ የተሸፈነው ዓይን በጥቂቱ ወደ ውጭ እንደሚንሸራተት ተመለከትን፤ ይህ ግን ጤነኛ በሆኑ ብዙ ሰዎችም የሚታይ፣ አእምሮ የሁለቱን ዓይኖች ምስል በማጣበቅ ያለ ድካም የሚቆጣጠረው ዝንባሌ ነው። ስለዚህ ድርብ ዕይታ አለ፤ የተጎዳ የዓይን አንቀሳቃሽ ነርቭ ግን የለም።

በፊደል ሰሌዳው ላይ በቀኝ ዓይናቸው 6/6 (ሙሉ ዕይታ)፣ በግራው 6/9 (ጥቂት ያነሰ) አነበቡ። ይህን ቁጥር ብቻ የተመለከተ ሰው ዓይናቸው ደህና ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ሰሌዳው የሚጠይቀው የሬቲናን፣ ማለትም በዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ማዕከል ብቻ ነውና።

ቀጥሎ የተደረገው ምርመራ ምንም ዓይነት መሣሪያ አልጠየቀም። አንድ ሜትር ያህል ርቀን ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ እርሳቸው ግራ ዓይናቸውን፣ እኔ ቀኝ ዓይኔን ሸፍነን፣ ዓይኔን ትክ ብለው እንዲያዩ ጠየቅኋቸው። የብሌን ማስፊያ ጠብታ ጠርሙስ ክዳኑ ደማቅ ቀይ ነው፤ ያን ክዳን በጣቶቼ ይዤ ከአፍንጫቸው ወገን ወደ ጆሯቸው ወገን በዝግታ አሻገርኩት። መካከለኛዋን ቀጥ ያለች መስመር እንዳለፈ "አሁን ደበዘዘ፤ ቡና ዓይነት ሆነ" አሉ። ወደ ላይ ሳነሳው ጭራሽ ጠፋ። መልሼ ወደ አፍንጫቸው ወገን ሳመጣው እዚያችው መስመር ላይ ቀይ ሆነ። በግራ ዓይናቸውም ስንደግመው ነገሩ እንደ መስተዋት ምስል ተገላብጦ መጣ፤ የደበዘዘው በግራ ጆሯቸው ወገን ያለው ግማሽ ነበር። ዓይን ውስጥ ስንመለከት የዕይታ ነርቩ ራስ በሁለቱም ዓይኖች በአግድም፣ ከወዲህና ከወዲያ፣ በመጠኑ ገርጥቶ ይታይ ነበር።

በኮምፒዩተር የሚሠራው የዕይታ መስክ መለኪያ በየዓይኑ 54 ነጥቦችን መዝኖ ይህንኑ አጸና። የግላኮማ ጉዳት ብዙውን ጊዜ አግድም መስመርን ተከትሎ በቅስት መልክ ይሄዳል፤ የታካሚው ጉዳት ግን በሁለቱም ዓይኖች ቀጥ ያለውን መስመር የጠበቀ፣ ከላይኛው የውጭ ሩብ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ነበር። እንዲህ ያለ መስመር ዓይን ውስጥ የለም። ነርቮቹ ከዓይን ወጥተው ቀኝና ግራ ከተከፋፈሉበት ቦታ ጀምሮ ብቻ የሚፈጠር ወሰን ነው።

ነርቮቹ የሚሻገሩበት ቦታ

የዕይታ ነርቭ ሁለተኛው የራስ ቅል ነርቭ ተብሎ ይቆጠር እንጂ በተፈጥሮው ከአንጎል የወጣ ክፍል ነው፤ ሽፋኑም የአንጎል ሽፋን ነው፤ ሲሞትም እንደ እጅና እግር ነርቭ መልሶ አያቆጠቁጥም። እያንዳንዱ ነርቭ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጭረቶችን ይይዛል። ሁለቱ ነርቮች ካያዝማ በሚባለው መጋጠሚያ ሲገናኙ፣ ከየሬቲናው የአፍንጫ ወገን የመጡት ጭረቶች፣ ማለትም ከጠቅላላው 53 በመቶ ያህሉ፣ ወደ ተቃራኒው ወገን ይሻገራሉ፤ የቀሩት በራሳቸው ወገን ይቀጥላሉ። ይህ ከፊል መሻገር የሁለቱን ዓይኖች ምስል ለማዋሐድ ሳያስፈልግ እንደማይቀር አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው ሥራው በግምት አስቀምጦት ነበር።

የአፍንጫ ወገን ሬቲና የሚያየው በጆሮ ወገን ያለውን ዓለም ስለሆነ፣ መጋጠሚያው መሐል ላይ ሲጫን የሁለቱም ዓይኖች የውጭ ግማሽ ይጠፋል። ከመጋጠሚያው በታች፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ፣ በአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ግማሽ ግራም ያህል የምትመዝነው ፒቱታሪ ዕጢ ትገኛለች። በዚች ዕጢ ላይ የሚበቅል እባጭ ወደ ላይ ሲያድግ በቅድሚያ የሚነካው በመጋጠሚያው ታችኛ ጠርዝ የሚያልፉትን፣ የላይኛውን የውጭ ዕይታ የሚሸከሙትን ጭረቶች ነው፤ ቀዩ ክዳን ወደ ላይ ሲነሳ ጭራሽ የጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሃርቪ ኩሺንግና ክሊፎርድ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1915 ይህን የጉዳት አካሄድ በብዙ ታካሚዎች ላይ ተከታትለው መዝግበውታል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አነጋገር መታረም አለበት። እንዲህ ያለ ታካሚ "በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው" ነው ይባላል። ሁለቱ ዓይኖች ተከፍተው ሳለ ግን የቀኝ ዓይን የውጭ ግማሽ ቢጠፋም የግራ ዓይን የአፍንጫ ወገን ዕይታ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ያንኑ ቦታ ይሸፍናል፤ በሌላው ወገንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በጠቅላላው ወደ 120 ዲግሪ የሚጠጋ ስፋት ይተርፋል። የሚጠፋው በሁለቱም ጎን ጫፍ ላይ ያለው፣ ሰው ብዙም የማያስተውለው ክፍል ነው። ታካሚው ጎናቸው እንደጠፋ ሳያውቁ የቆዩት ለዚህ ነው።

ዋናው መዘዝ መሐል ላይ ነው። በጤነኛ ሰው የሁለቱ ዓይኖች ምስሎች ስለሚደራረቡ አእምሮ ተደራራቢውን ክፍል እንደ ማያያዣ ተጠቅሞ ዓይኖቹን አንድ ነጥብ ላይ ያቆያቸዋል። በኚህ ታካሚ ግን ከመሐል በስተቀኝ ያለውን የሚያየው የግራ ዓይን ብቻ፣ በስተግራ ያለውን የሚያየው የቀኝ ዓይን ብቻ ሆኗል። የጋራ የሆነ ክፍል ስለሌለ ሁለቱን ግማሾች አጋጥሞ የሚይዛቸው ነገር የለም። ዓይኖቹ በጥቂቱ ወደ ውጭ ሲንሸራተቱ ሁለቱ ግማሾች መሐል ላይ ይደራረቡና በዚያ ያሉት ክሮች ሁለት ጊዜ ይታያሉ፤ ወደ ውስጥ ሲንሸራተቱ ደግሞ በግማሾቹ መካከል ክፍተት ይፈጠርና በዚያ ያሉት ክሮች ይጠፋሉ። ድሩ ከሸማኔው ፊት ቀጥ ብሎ የተዘረጋ በመሆኑ፣ አንዲት ክር መደረብ ወይም መጥፋት ቆጠራውን ወዲያውኑ ታፈርሰዋለች። ከጣታቸው ማዶ ያለው ድር መጥፋቱም የዚሁ ውጤት ነው፤ ዓይን ቅርብ ነገር ላይ ሲተከል ከዚያ ነገር በስተኋላ ያለው ስፍራ ለሁለቱም ዓይኖች በጠፋው የውጭ ግማሽ ውስጥ ይወድቃል። በቢሮ የሚሠራ ወይም በግ የሚያረባ ሰው ይህን ለዓመታት ላያስተውለው ይችል ነበር። ጥለት ቆጣሪ ግን በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ይፈተንበታል።

ይህን ለታካሚው ያስረዳነው ልጃቸው በኪሱ ይዞት በመጣው ክር ነው። ቀይና ነጭ ክሮችን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፣ ግማሾቹን አሻግረን፣ መሻገሪያው ላይ ጣቴን ጫን አድርጌ ሳሳያቸው፣ የትኞቹ ክሮች እንደሚጎዱ እኔ ሳልናገር በጣታቸው ለይተው አሳዩኝ።

የደም ምርመራው ቁጥር

የኤም አር አይ ምስሉ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ መጋጠሚያውን ከሥር ወደ ላይ ያጎበጠ የፒቱታሪ እባጭ አሳየ። ከዚህ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ እባጩ ሆርሞን የሚያመነጭ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ፕሮላክቲን (የጡት ወተት እንዲመረት የሚያደርገውን ሆርሞን) የሚያመነጭ ከሆነ፣ ትልቅ ቢሆንም እንኳ፣ የመጀመሪያው ሕክምና ክኒን እንጂ ቢላዋ አይደለም።

የመጀመሪያው የደም ውጤት ፕሮላክቲን በሚሊ ሊትር 64 ናኖግራም መሆኑን ገለጸ። የወንድ መደበኛ መጠን እንደ ቤተ ሙከራው ቢለያይም ከ20 ብዙም አይበልጥም። በዚህ መጠን ከፍ ያለ ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚተረጎመው ሆርሞን የማያመነጭ እባጭ የዕጢዋን ግንድ በመጫኑ እንደመጣ ተደርጎ ነው፤ በግንዱ በኩል ከአንጎል የሚወርደው ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ፕሮላክቲንን የሚገታ ስለሆነ ግንዱ ሲጫን ፕሮላክቲኑ በመጠኑ ከፍ ይላልና። ይህ ትርጉም ቢያዝ ኖሮ ታካሚው በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ያመሩ ነበር። በአፍንጫ በኩል ገብቶ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1907 ሄርማን ሽሎፈር ኢንስብሩክ ላይ የጀመረው ሲሆን፣ በአገራችንም የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እየተሰጠ በመሆኑ የሚሠራው ባለሙያ አይጠፋም።

የሆርሞን ስፔሻሊስቷ ግን ውጤቱን ከሁለት ነገሮች ጋር አስተያዩት። አንደኛው የእባጩ ትልቅነት ነው። ሁለተኛው ከባለቤታቸው የመጣ መረጃ ነበር፦ ስንፈተ ወሲብ ከጀመራቸው ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ታካሚው ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ስለ ዓይን የመጣን ሰው ይህን የሚጠይቅም የለም። ፕሮላክቲን ሲበዛ የወንድ ሆርሞንን ስለሚያዳክም ሁለቱ ምልክቶች የአንድ ምንጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ሐኪሟ ናሙናው በመቶ እጥፍ ተበርዞ እንደገና እንዲመረመር አዘዙ።

ምክንያቱ የምርመራው አሠራር ነው። በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚሠራበት ዘዴ ሁለት ፀረ እንግዳ አካላትን ይጠቀማል፤ አንዱ ሆርሞኑን ይይዛል፣ ሌላው በዚያው ሆርሞን ሌላ ጎን ተጣብቆ ምልክት ይሰጣል። ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ ሁለቱም ፀረ እንግዳ አካላት የየራሳቸውን ሆርሞን ይዘው ይሞላሉ፤ አንዱን ሆርሞን ከሁለት ወገን የያዙ ጥንዶች ያንሳሉ፤ ማሽኑም ዝቅተኛ ቁጥር ያወጣል። ናሙናው ሲበረዝ ይህ ግርዶሽ ይነሳል። የተበረዘው ናሙና ውጤት ከ6,000 ናኖግራም በላይ ሆነ። እባጩ ራሱ ፕሮላክቲን የሚያመነጭ መሆኑ ታወቀ፤ የቀዶ ሕክምናው ሐሳብም ተተወ።

ሕክምናውና ክትትሉ

ለዚህ በሽታ የሚመረጠው ካበርጎሊን የተባለው ፕሮላክቲንን የሚገታ መድኃኒት ነው፤ በጊዜው በቋሚነት ይገኝ የነበረው ግን ተመሳሳዩ ብሮሞክሪፕቲን በመሆኑ በእርሱ ተጀመረ። መድኃኒቱ ማቅለሽለሽና ከመቀመጫ ሲነሱ የደም ግፊት መውረድን ስለሚያመጣ፣ ሩብ በሩብ እየጨመረ ወደ ሙሉ መጠን እንዲደርስና ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ይመከራል። እዚህ ሁለት የቤት ጉዳዮች ተነሡ። ታካሚው ጾም አክባሪ በመሆናቸው "ጠዋት ከምግብ ጋር" የሚል ትእዛዝ ለእርሳቸው መድኃኒቱን አትውሰዱ እንደማለት ነበር፤ ከእራት በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ እንዲሆን ተደረገ። ሌላው የሥራ ቦታቸው ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ይሠራል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከጉድጓዱ ሲነሱ ዞሮባቸው የሽመናውን ቋሚ ይዘው ነው የተረፉት። መጠኑ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ፣ ከመነሳታቸው በፊትም ጠርዙ ላይ ጥቂት እንዲቀመጡ ተነገራቸው። እባጩ በፍጥነት ሲቀንስ ከአፍንጫ ንጹሕ ውኃ ሊፈስ እንደሚችል፣ ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታትና የዕይታ መጥፋት ከመጣም ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንዲመጡ ለልጃቸውም ጭምር ተገለጸ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቀዩ ክዳን በሁለቱም ዓይኖች የታችኛው የውጭ ሩብ ላይ ቀይ ሆኖ ታያቸው። በሦስተኛው ወር የዕይታ መስክ ምርመራው የታችኛውን ክፍል መመለስ አረጋገጠ፤ ፕሮላክቲኑ ወደ መደበኛው ተቃረበ፤ ምስሉም እባጩ ከመጋጠሚያው ሥር መውረዱን አሳየ። በግራ ዓይናቸው የላይኛው የውጭ ሩብ ግን እስከ አሁን አልተመለሰም። በሬቲና ቅኝት ሲታይ በዚያ ወገን የነርቭ ጭረቶቹ ሽፋን ቀጥኗል፤ የቀጠነው ክፍል ደግሞ ጫናው ቢነሳም ዕይታ የመመለስ ተስፋው አነስተኛ ነው። አሁንም አልፎ አልፎ ግንባራቸውን በበር መቃን የሚመቱት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የክሩ መደረብ ቀርቷል። ከታችኛው ሩብ የተመለሰው ዕይታ የሁለቱን ዓይኖች ምስል የሚያያይዝ የጋራ ክፍል ስለፈጠረ፣ ሥራቸውን የሚያዩበት አቅጣጫም ወደ ታች በመሆኑ፣ ለዓይኖቻቸው በቂ መያዣ ሰጥቷቸዋል። ጥለት ጀምረዋል፤ የረቀቀውን ግን ለልጃቸው ትተዋል። ይህ ውሳኔ የዓይናቸው ይሁን የዕድሜያቸው ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ እርሳቸውም አልነገሩንም።

ክትትሉ ቀጥሏል። ፕሮላክቲኑ በየሦስት ወሩ፣ የዕይታ መስኩ በየስድስት ወሩ ይታያል፤ ኤም አር አይ በዓመት ይደገማል። ትልቁ ስጋታችን የመድኃኒቱ አቅርቦት ነው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ እባጩ መልሶ ሊያድግ ስለሚችል፣ ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጃቸው እንዲደውል ተስማምተናል። በካርዳቸው የፊት ገጽ ላይም ማንኛውም ቤተ ሙከራ ፕሮላክቲን ሲለካ ናሙናውን አበርዞ እንዲመረምር የሚያሳስብ ማስታወሻ በቀይ ተጽፏል።